ከምላጩ ኋላ የሚቆመው ብረት

ዳንግላ፤ ኅዳር ፳፫ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ይድረስ በአዲስ አበባ በሳንባ ሐኪም ቤት ለተኛው ባለቤቴ ለደሴ፤

እንደምን ሰነበትህ? ሳልህ ቀለል ብሎልህ እንደሆነ፣ ምግብም ትቀምስ እንደሆነ ከሁሉ አስቀድሜ መጠየቅ ይገባኝ ነበር፤ እየጠየቅሁህም ነው። ነገር ግን በሆዴ የያዝሁት ጉዳይ አላስቀምጥ ስላለኝ ልናዘዝ። የመጋዝ ማሽንህ የመጣበትን ሳጥን ከፍቼዋለሁ።

አውቃለሁ፤ «ሚስማሩ ሳይነቀል ሽጪው» ብለህ ነበር የጻፍህልኝ። «እኔ ከእንግዲህ ለመጋዝ አልሆንም፤ የባሕር ዳሩ አናጢ ወርቅአየሁ ይገዛዋል፤ እኔንም አትጠብቂኝ» ብለህ። ያን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። በጣውላ ላይ በከሰል እየጻፍህ ፊደል ያስቆጠርኸኝ አንተው ነህ፤ እንዲህ ያለ ነገር ልታስነብበኝ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ከሀ አላልፍም ነበር። አቶ ወርቅአየሁም ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ ብሎ ላከብኝ። እኔ ደግሞ ባሌ ሰባት ዓመት ሙሉ የተመኘውን ዕቃ መልኩን እንኳ ሳላይ ለሰው አልሰጥም አልሁ። ከፈለግህ ተቆጣ፤ የሚቆጣ ሰው ገና አለ ማለት ነው።

ሚስማሩን የነቀለልኝ ከግድግዳችን ማዶ ያለውን ወፍጮ የሚያስነሣው ዓለምነው ነው። አጎቴ ጋሼ አዝመራውም ከዘንገና ለገበያ ወርደው ነበርና አገዙን። ጭዱን ስንጠርግ መጀመሪያ የወጣው ጠረጴዛው ነው፤ ፊቱ ወጥ ብረት ሆኖ፣ ጧት ንፋስ ሳይነሣ እንዳለ የዘንገና ውሃ የረጋ። ጋሼ አዝመራው ባርኔጣቸውን አወለቁ። 

ምላጮቹ ሦስት ናቸው፤ ዘይት በጠጣ ወረቀት ተጠቅልለዋል፤ ክብ ናቸው፣ ዙሪያቸውን ጥርስ። ባለ ትልቅ ጥርሱ ግንድ በቁመቱ ለመሰንጠቅ፣ ባለ ደቃቁ አግድም ለመቁረጥ መሆኑን እኔ ነኝ ለዓለምነው የነገርሁት፤ የአናጢ ሚስት መሆኔን የረሳው መሰለኝ። ጥርሱን በጣቴ ብዳብሰው አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ዘመም ዘመም ያለ ነው። አንተ መጋዝህን በጉልበትህ መካከል ወትፈህ ግማሽ ቀን የምትለፋበትን ያን ሥራ፣ የሠሩት ሰዎች አንድም ጥርስ ሳይስቱ ጨርሰውት መጥቷል። 

ምላጩን ስናስገባ ማሠሪያው ዳዶ አልጠብቅ አለ። ዓለምነው ላቡ እስኪንጠባጠብ ቢታገል ወይ ፍንክች። «ጥርሱ ተበልቷል፤ ሸውደውናል» ማለት ጀመረ። ጋሼ አዝመራው ቀስ ብለው «እስቲ ወደ ግራ አዙረው» አሉት። በሁለት ጣት ገባ። ለካስ ምላጩ ሲዞር ዳዶው እንዳይላላ፣ ይልቁን ራሱን እያጠበቀ እንዲሄድ ነው የተሠራው። ይህን ያሰበ ሰው ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው ያለው ብዬ ሌላ ሥራ ሳልሠራ ቆሜ ቀረሁ።

ምላጩን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ግድግዳውን በስተን ከወፍጮው ሞተር አመጣነው። ጣውላውን ቀጥ አድርጎ የሚመራውን ብረት በቀኝ በኩል አሰርነው። መጨረሻ ላይ ሁለት ነገር ተረፈን፤ አንዱ የምላጩ ክዳን ሲሆን ማሠሪያ ቦታ አጣንለትና በሽቦ ከጣሪያው አንጠለጠልነው። ሁለተኛው ቀጠን ያለ ጎባጣ ብረት ነው፤ ጭራው ላይ ስንጥቅ አለው። ከዕቃው ጋር በመጣው ወረቀት ላይ ከምላጩ ኋላ አንድ ጎባጣ ነገር ተሥሏል፤ ዓለምነው ግን «እሱ የምላጩ ጥላ ነው፤ ፈረንጅ ሥዕል ሲሥል ጥላ ይወዳል» አለ። ጋሼ አዝመራው ብረቱን አገላብጠው አዩና «ይሄማ ማጭድ ነው። ነጋዴው የጨመረላችሁ ምራቂ ይሆናል» አሉ። እውነት መሰለን። ጨው እንኳ ስንገዛ ዕፍኝ ካልተመረቀልን ከቦታችን አንነቃነቅም፤ ይህን የሚያህል ዕቃ የሸጠ ሰው አንዲት ማጭድ ቢመርቅ ምን ይገርማል? ገብሳቸው ደርሶ ነበርና ስለ ድካማቸው ይሁን ብዬ ሰጠኋቸው። አመስግነው በብብታቸው ይዘው ሄዱ።

ሐሙስ ዕለት እህል አስፈጪው ሲያልቅ ሞከርነው። እናትህ እትዬ ደብሪቱ ጠበል ይዘው መጥተው አራቱን እግሩን ረጩት፤ በአዊኛ መረቁት፤ ከዚያ ከበሩ ውጭ ቆሙ። ዓለምነው ሞተሩን አስነሣ። ምላጩ መጀመሪያ ጥርሱ ይታይ ነበር፤ ቆይቶ ጥርሱ ጠፋና ውሃ መሰለ። አንተ አድርቀህ የተውኸውን የዋንዛ ግንድ ገፋሁለት። ደሴ፣ አንተ ከታች ወንድምህ ምህረቴ ከላይ ሆናችሁ ከጧት እስከ ቀትር የምትጎትቱትን፣ አባታችን ሆይ ብዬ ጀምሬ ሳልጨርስ ለሁለት ከፈለው። ፊቱ መላጊያ የዞረበት ይመስላል።

ከዚያ ምን እንዳደረግሁ ልንገርህ፤ ትስቅብኝ እንደሆነ ሳቅ። ጎንበስ ብዬ ከጠረጴዛው ሥር አየሁ። ከሥር ያለውን ሰው ፈልጌ። አሥራ አንድ ዓመት መጋዝ በተሳበ ቁጥር ከሥሩ አንተ ነበርህ፤ ሰጋቱራው በዓይንህ፣ በአፍንጫህ፣ በደረትህ እየገባ። ሐኪሙ የፈለገውን ይበል፣ እኔ ያ ሰጋቱራ ነው የጣለህ እላለሁ። አሁን ሰጋቱራው መሬት ላይ ብቻውን ይከመራል። ከሥሩ ማንም የለም። እዚያው ቁጢጥ ብዬ አለቀስሁ፤ ዓለምነው ዓይኔ ውስጥ ብናኝ የገባ መስሎት ውሃ አመጣልኝ።

ደስታው ግን አልቆየም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እርጥቡን ባሕር ዛፍ ደግሞ ልየው ብዬ አቀረብሁት። እኩሌታው እንደገባ ምላጩ አጓራ፤ ጭስ ሸተተኝ፤ ወዲያው ጣውላው ከእጄ ተፈልቅቆ በጆሮዬ ሥር አልፎ የወፍጮውን ግድግዳ በስቶ ወጣ። ዓለምነው ሮጦ ሞተሩን አጠፋ። እትዬ ደብሪቱ «ይህ ነገር ሰው ሳይበላ አይተኛም። ልጄ ሽጪው ብሎሽ የለ? ነገ ሳይሆን ዛሬ ይሂድ» አሉኝ።  እውነቱን ልንገርህ፣ በዚያች ሰዓት ወርቅአየሁ ቢመጣ ኖሮ ራሴ ተሸክሜ እጭንለት ነበር።

ጣውላውን ከዱቄቱ መካከል አንሥቼ አየሁት። የተሰነጠቀው አፉ ተመልሶ ገጥሟል፤ ግራና ቀኙ አርሯል። ያን ጊዜ ጥርባ ጫካ ውስጥ ያለሁ መሰለኝ። እርጥብ ግንድ ስትሰነጥቁ እንጨቱ ተመልሶ መጋዙን ሲነክስ፣ አንተ ከታች ሆነህ «ዋጌ፣ ሽብልቅ» ትለኝ ነበር። እኔም ስንቃችሁን አስቀምጬ፣ መጋዙ ካለፈበት ኋላ ሽብልቄን እመታለሁ፤ አፉ ይከፈታል፣ መጋዙ ይለቀቃል። ይህን ያህል ዓመት ሥራዬ እሱ ነበር። ማሽኑ ሁሉ ነገር አለው፤ ሽብልቅ የሚመታለት ሰው ግን የለውም። ወረቀቱን አውጥቼ ያን «ጥላ» እንደገና አየሁት። ከምላጩ ኋላ ነው የቆመው፤ ልክ እኔ የምቆምበት ቦታ።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ በጭነት መኪና እስከ እንጅባራ፣ ከዚያ በእግሬ ዘንገና ገባሁ። ጋሼ አዝመራው ገብሱ መካከል ናቸው። ማጭዷ ባማረ የወይራ እጀታ ተሰክታ አጥሩ ላይ ተሰቅላለች። «ልውሰዳት ልትይኝ ነው የመጣሽው?» አሉኝ። «ውሰጃት፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሞርጄ ገለባ እንኳ አልቆረጠችልኝም። የፈረንጅ ምራቂ እንዲህ ነው» አሉ። የምን ዕቃ መሆኗን ስነግራቸው እዚያው ነዶው ላይ ተቀመጡና፣ ሳቅ ሲጀምሩ ማቆም አቃታቸው።

ቅዳሜ ጧት እጀታውን ነቅለን የጭራዋን ስንጥቅ ከምላጩ ኋላ ያለ ሥራ በቆመው ብሎን ላይ ብናገባው ልክክ አለ። አናቷ ላይ ቀዳዳ አለ፤ ከጣሪያው ያንጠለጠልነው ክዳን እዚያ ላይ ገባ። ያንኑ ባሕር ዛፍ አዙሬ አቀረብሁለት። እንጨቱ ሊገጥም ሲል ብረቷ መካከል ገብታ ከፈተችው፤ ምላጩም አላጓራም። ባሕር ማዶ ያለ፣ ስማችንን የማያውቅ፣ ጥርባን ያላየ አንድ ሰው፣ የእኔን ሥራ ያውቀው ነበር። ይህን ለማን እንደምነግር አጥቼ ነው ለአንተ የምጽፈው። እትዬ ደብሪቱ እንኳ ወደ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ዳሰሷት።

ወርቅአየሁ የደረሰው ከቀትር በኋላ ነው። ቆሞ አንድ ግንድ ሲሰነጠቅ አየ። ከዚያ ሰዎቹን «ጫኑ» አላቸው። «አልሸጥም» አልሁት። ብዙ ሊያባብለኝ ሞከረ፤ ኋላ ሲያቅተው «አንቺ፣ ባልሽ እኮ እንደማይመለስ በእጁ ጽፎልኛል» አለኝ።

 ለእኔ መጻፍህ አንሶ ለሰውም ጻፍህ? ዓለምነውና እናትህ እያዩኝ ነው። ምን እንደምል ሳላስብ፣ «እሱ የቆየ ወሬ ነው። ትናንት ሌላ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ተሽሎኛል፣ ለፋሲካ እገባለሁ፣ ማሽኑን እንዳትሸጪ ይላል» አልሁት። እናትህ ይህን ሲሰሙ መሬት ስመው እልል አሉ። ወርቅአየሁም እንኳን ደስ አለሽ ብሎኝ መኪናውን ባዶውን መለሰ።

እንግዲህ መድኃኔ ዓለም ደረትህን ይዳብስልህ፤ አልጋህን የምታነጥፍልህን፣ መድኃኒትህን የምትሰጥህን ሴት ሁሉ ይባርክልኝ። ላያስችል አይሰጥም ይላሉ፤ እኔ ግን ይህን የምችል አይደለሁም፣ ይወቀው። እናትህ ያን ደብዳቤ በየቀኑ አንብቢልኝ ይሉኛል፤ እኔም ባዶ ወረቀት ይዤ አነብላቸዋለሁ። ደሴ፣ ያን ደብዳቤ ጻፍልኝ። ዋሾ አታድርገኝ።

ሚስትህ
ዋጋዬ