የአባባ የጠርሙስ ማኅበር

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ እስራኤል፣ ጁባ ይድረስ።

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? የጁባን ሙቀት እንዴት ቻላችሁት? የሳራ ወገብ ተሻላት ወይ? ፌቨንስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ በአካል ደህና ነን። አባባም በኅዳር ወልድያ የዓይናቸው ሞራ ተገፍፎላቸው፣ አሁን ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሰው ሳይቀር ለይተው ይጠራሉ።

እኔ ግን ደህና አይደለሁም። "አባባ ስልኬን ለምን አያነሱም?" ስትለኝ፣ ጆሯቸው ደክሞ ነው ያልኩህ ውሸት ነው። በስልክ እውነቱን ልነግርህ ስሞክር አልሆነልኝም። ስለዚህ ጽፌ ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ።

ነገሩ የጠርሙሶቹ ነው። ለሳራም ታነብላት ይሆናልና ከሥሩ ልጀምር። አባባ በከባድ መኪና አሰብ ሲመላለሱ፣ አምስት ሾፌሮች ሆነው ወልድያ ላይ ማኅበር መሠረቱ። ከወደቡ መርከበኞች ጣት የምታህል የመጠጥ ጠርሙስ እየገዙ ያጠራቅማሉ፤ በወር አንድ እሑድ ተሰብስበው ያመጡትን እርስ በርስ ያሳያሉ። ጋሽ ኡበይደላ መጠጥ ስለማይነኩ የሽቶ ብቻ ያመጡ ነበር። ሕጉ አንድ ነው፤ እሽግ የከፈተ ከማኅበሩ ይወጣል። አሰብ ሲዘጋ ሥራውም ቀረ፤ አባላቱም ከጋሽ ኡበይደላና ከአባባ በቀር አለፉ። የሁሉም ጠርሙስ መርሳ እኛ ቤት ባለው ሣጥን ተከማቸ። አባባ ዓይናቸው ከደከመ በኋላ እንኳ በየእሑዱ እየዳበሱ ይወለውሏቸው ነበር።

ጦርነቱ መርሳ ሲገባ አባባን በግራና ከተማ በኩል ወደ ገጠር አሽሽተን፣ እኔ ቤት ልጠብቅ ቀረሁ። የጎረቤታችንን የእትዬ ማሚቴን ልጅ፣ ሜላትን፣ ፍንጣሪ እግሯን መታት። መድኃኒት ቤቱ ሁሉ ባዶ ነበር። ቁስሉ መሽተት ሲጀምር ሣጥኑን ከፈትኩ። ከጠንካራዎቹ መጠጦች ሃያ ሁለት ጠርሙስ እስኪያልቅ በየቀኑ አጠብኩላት። ሜላት ዛሬ በእግሯ ትሄዳለች። ጠርሙሶቹን ግን ሻይና ውኃ ሞልቼ በሻማ አሸግኳቸው። ነገ እናገራለሁ፣ ከነገ ወዲያ እናገራለሁ ስል አራት ዓመት አለፈ።

አባባ ዓይናቸው በበራ በሳምንቱ ሣጥኑን አወረዱ። ጠርሙሱ ውስጥ ሻጋታ ሲንሳፈፍ አዩ። ጠርሙሱን መልሰው አስቀመጡና "እስራኤል ነው። ለፋሲካ የመጣ ጊዜ ጠጥቶ ሞላበት" አሉ። ሁለት ወር ሙሉ ስልክህ ሲጠራ ፊታቸውን ሲያዞሩ እያየሁ ዝም አልኩ። ይቅር በለኝ።

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ እግራቸው ላይ ወድቄ ነገርኳቸው። ስለ ጠርሙሱ የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። "ለሜላት ነው ብትይኝ እኔው እከፍትልሽ ነበር" አሉ። ቆይተው ደግሞ "ልጄን በሌለበት አማሁት። አሁን በምን አፌ ላናግረው?" አሉ።

እስካሁን እህል አልቀመሱም። ስልኩን ይዘው ደጅ ተቀምጠዋል፤ ስምህን ስልኩ ላይ ይከፍቱና መልሰው ይዘጉታል። ወንድም ጋሼ፣ እኔን የፈለግከውን ያህል ተቆጣኝ። የእሳቸውን ጥሪ ግን አትጠብቅ፤ አንተው ደውልላቸው። ስለ ጠርሙስም አንዳች አታንሳባቸው።

ሳራን በጉንጯ፣ ፌቨንን በግንባሯ ሳምልኝ። እትዬ ማሚቴና ሜላት ናፍቀነዋል ብለውሃል። ጋሽ ኡበይደላም ሰላምታቸው ይድረስህ።

እህትህ ማርታ ስዩም
መርሳ፣ ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.