«የለም» ተብሎ የተጻፈው ጉልበቴ

ቡታጅራ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አሚኑ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህን ጽፌ ብዕሩን ግማሽ ቀን አስቀመጥኩት። ልሰርዘው እጄ ተነስቶ ነበር፤ ሰላምታ ለማንም አይነፈግም ብዬ ተውኩት። «ውድ» ያልኩህም ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህሬ ደብዳቤ ያለዚህ ቃል አይጀመርም ስላሉኝ ነው። ሌላ ምክንያት አትፈልግለት።

ያልደወልኩልህ ስልክ ላይ ስለምታሸንፈኝ ነው። የማትወደው ነገር ሲነሳ «እናቴ፣ ኔትወርኩ አስቸገረ» ትላለህ። ወረቀት ኔትወርክ አያስቸግረውም። ጣቶቼ አብጠው በቀን ከአንድ ገጽ በላይ አልጽፍም፤ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። የልጄ ጓደኛ ፈቲሀ ማክሰኞ ወደ ጀርመን ስትመለስ በእጇ ታደርስልሃለች። አንብበህ እስክትጨርስ ፊትህ እንድትቆም ነግሬአታለሁ።

የላክኸው የጉዞ ኢንሹራንስ ወረቀት ደርሶኛል። «እናቴ፣ ናጃህ አያቷን ትፈልጋለች፤ ሁሉን አሟልቻለሁ፤ የእርስዎ መምጣት ብቻ ነው የቀረው» ብለሃል። ስለዚህ ወረቀት እመለስበታለሁ። አስቀድሜ የመጀመሪያውን ላስታውስህ።

ባለፈው ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ቀን የገቡ ጊዜ ነው። ልጄ ሩፋይዳ ደውላ «እማ፣ ትንሽ አሞኝ ነበር፤ አንቺና አባ ለአንድ ወር ኑልኝ» አለችኝ። «አሁን እንዴት ነሽ?» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ» አለች። «አንቺስ፣ ጉልበትሽ?» አለችኝ። «አልሐምዱሊላህ» አልኳት። ድምጿ ቀጥኖ ስለነበር አንተን ባሏን ጠየቅኩህ። ስልኩን ተቀብለህ፣ በዚያ በለሰለሰ አንደበትህ፣ «አያስቡ እናቴ፣ ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ» አልከኝ። ይህን ቃልህን ያዘው። አልረሳሁትም፤ አንተም አትርሳው።

የጥሪ ወረቀት ላክህልን። የኤምባሲው ቀጠሮ መጋቢት መጨረሻ ላይ ተገኘ። የጉዞ የጤና ኢንሹራንሱን እዚሁ ግዙ ስላልከን እኔና ባሌ አብዱልሃፊዝ ወደ ወኪሉ ቢሮ ሄድን። ጎረቤቴ መንበረም ደግፋኝ መጣች። ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። እሷም ጾመኛ፣ እኔም ጾመኛ፣ በየደረጃው እየተቀመጥን ወጣን። ጠያቂዋ ባሂራ የምትባል ልጅ ነበረች።

«እማማ፣ ስኳር አለብዎት?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ደም ግፊትስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«የቆየ ህመም፣ የመገጣጠሚያ፣ የወገብ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ደህና።»

መንበረ ሳቋን ለቀቀችው። «አንቺ ዛህራ! አሁን ደረጃውን እንደ ጆንያ ጎትቼ አይደል ያወጣሁሽ?»

«ዝም በይ! በጾም አፌ፣ በማላውቀው ሰው ፊት ጌታዬን ልማው?»

ባሂራም ሳቀች። የእኛው ልጅ አይደለች? እናቷም እንዲሁ ናት። ሳቋን ስትጨርስ ግን ወረቀቱ ላይ «የለም» ብላ ጻፈች። አብዱልሃፊዝን ጠየቀችው። አርባ ዓመት በስፌት መኪና ላይ ጎብጦ ጣቶቹ እንደ ዝንጅብል የተጣመሙት ባሌ፣ እጁን ከኮቱ ኪስ ሳያወጣ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ለእሱም «የለም» ተባለለት።

ይህ ልማዳችን ነው፤ አንተም ከዚሁ ከመስቃን ምድር የወጣህ ነህና ታውቀዋለህ። እናትህ፣ አላህ ይዘንላት፣ በመጨረሻው ቀኗ ጠያቂውን ሁሉ «አልሐምዱሊላህ» እያለች ስትሸኝ አልጋዋ አጠገብ የነበርኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ዋሽታለች ያለ ሰው አልነበረም።

የወረቀቱን ፎቶ ላኩልኝ አልክ፤ ላክንልህ። ቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው ደወልክ።

«እናቴ፣ ይሄ ምንድን ነው? ጉልበትዎን ያምዎታል፤ ወረቀቱ የለም ይላል።»

«እንደ ልማዴ መልሼላት ነው ልጄ። ነገ ሄጄ አስተካክላለሁ።»

«ቢስተካከልም ቁርጥማትን አይሸፍኑም። ቀድሞ የነበረ ህመም ነው ይሉታል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እኔ በሐሰት ወረቀት ሰው አላስመጣም። አላህን እፈራለሁ። እሱ ይሰረዝ፤ ጉልበትዎን የሚሸፍን ፈልጌ እነግርዎታለሁ።»

እፍረት ፊቴን አቃጠለው። ይቅር በለኝ አልኩህ፤ አስታውስ፣ አንተን ይቅርታ ጠየቅኩህ። አብዱልሃፊዝ ብቻ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ «ልጄን የማያት በዓይኔ ነው፤ ጉልበት ምን አገባው?» አለ። መንበረ ደግሞ «ሐሰቱ አልተስማማው፣ እውነቱ አልተስማማው፤ ይሄ ሰውዬ ሆዱን ይታይ» አለች። ተቆጣኋት። የልጄን ባል አታንሺብኝ አልኳት።

ያለ ኢንሹራንስ ኤምባሲ አይኬድም፤ ቀጠሮው አለፈ። ሁለተኛው ከአረፋ በኋላ ሆነ። በየጁምዓው እደውላለሁ። «የሚሸፍን እያፈላለግሁ ነው» ትላለህ። «ሩፋይዳስ?» ስልህ «ተኝታለች፣ ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ» ትላለህ።

ልጄ አረፋ አሥር ቀን ሲቀረው ሞተች።

አረፋ እዚህ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። አዲስ አበባ ያለው ሁሉ ይመጣል፤ መኪና መንገዱን ይሞላል፤ በየደጁ በሬ ይታረዳል፤ እናት ሁሉ ልጇን ትቀበላለች። እኔ በዚያ ሁሉ መሐል ለልጄ ለቅሶ ተቀምጬ ነበር። ከመኪና የወረዱ ልጆች ሻንጣቸውን እናታቸው ቤት ጥለው እኔን ሊያጽናኑ ይመጡ ነበር። በእያንዳንዳቸው አንገት ላይ የሩፋይዳን አንገት ፈለግሁ።

ከዚያ ወዲህ አምስት ወር ሙሉ ልጄን ሳላያት ያስቀረኝ ምላሴ ነው እያልኩ ኖርኩ። ለአብዱልሃፊዝም አልነገርኩትም። ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ ያቺን ቃል ዘልዬ ስለ ልጆቹ እጠይቃለሁ። ጌታዬን የማመሰግንበትን ቃል ፈራሁት። ይህን ያደረግኸኝ አንተ ነህ።

ባለፈው ሳምንት ፈቲሀ መጣች። እሷና ልጄ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር የተቀመጡ ናቸው፤ ጀርመንም ያስታመመቻት እሷ ናት። ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ «እማ ዛህራ፣ ለምን ቀራችሁባት?» አለችኝ።

«ማን ቀረ?»

«አሚኑ የነገራትን ነው። እናትሽ ጉልበቷን ፈርታ ቀረች አላት። ከረመዳን በፊት ጀምሮ አልጋ ላይ ነበረች። በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ትል ነበር።»

እኔን ደህና ናት ስትለኝ፣ እሷ እናቴ ቀረች ብላ ሞተች።

ፈቲሀ ሁሉን ነገረችኝ። ያን ጊዜ «ለምን አታመጣቸውም?» ብላ ስትጠይቅህ «ሁለት ቁርጥማታም ሽማግሌ መጥተው ደረጃ ላይ ቢወድቁ ማን ያነሳቸዋል? አንድ ታማሚ ይበቃኛል» ብለሃታል። በማግስቱ ወደ ባሂራ ሄድኩ። ለመሆኑ ኤምባሲው የጉልበት ህመም ይሸፈን ይላል ወይ አልኳት። «የለም እማማ፤ የሚፈልጉት ለድንገተኛ ህመም ነው። ጉልበትዎን ማንም አልጠየቀም» አለችኝ። የጠየቅኸው አንተ ብቻ ነህ።

የልጄን ሞት በአንተ ላይ አልጭንም። ሞት የአላህ ነው፤ አንተን የሚያህል ትንሽ ሰው አይችለውም። አልጠላህምም። የምጠላው ሰው ቁመት ይኖረዋል። እኔ ንቄሃለሁ። ስለ አሮጊት ጉልበት «አልሐምዱሊላህ» ሲባል ሐሰት ነው ብለህ አላህን ፈራህ፤ አጠገብህ እያለቀች ስለነበረች ሚስትህ በየጁምዓው ያንኑ ቃል ስትለኝ አልፈራኸውም። ሰው ፈሪ ይሆናል፤ ይህ ነውር አይደለም። «ፈራሁ፣ ሁለት በሽተኛ አልችልም» ብትለኝ ኖሮ ፍራሼን ይዤ መጥቼ አንተንም አስታምምህ ነበር። አንተ ግን ፍርሃትህን የዲን ካባ አልብሰህ አስገባህልኝ፤ እኔም ተነስቼ ተቀበልኩት።

አሁን ወደ አዲሱ ወረቀትህ ልመለስ። መንበረ መነጽሯን አድርጋ አነበበችልኝ። ስም፣ ዛህራ። ዕድሜ፣ ስድሳ ስምንት። ቀድሞ የነበረ ህመም፣ «የለም»። ከታች የአንተ ፊርማ።

«ድገሚው» አልኳት። ደገመችው። ከዚያ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «ዛህራ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ወጌሻ ሳይነካሽ አሚኑ ጉልበትሽን ፈወሰው» አለች። ልጄ ከሞተች ወዲህ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ። ሳቄ ጥሩ ሳቅ አልነበረም።

አብዱልሃፊዝ ወረቀቱን ገልብጦ «የእኔስ? ረስቶኝ ነው?» አለ። «አልረሳህም፤ ልጅ የሚያጥብ ጣት ስለሌለህ ነው» አልኩት። ረመዳን ላይ ጉልበቴ ሸክም ነበር። ዛሬ ከዚያ ብሷል፤ ግን ለናጃህ ሞግዚት አስፈለገህ፣ ስለዚህ ህመሙ የለም።

ወረቀትህን ቀድጄዋለሁ። ባሂራ ዘንድ ሄጄ አዲስ አስወጥቻለሁ፤ ለእኔም ለአብዱልሃፊዝም። የህመሙን መስመር እኔው በእጄ ጻፍኩት፤ ሁለት ጉልበት፣ አሥር ጣት፤ ለእሱ አሥር ጣትና ወገብ። ልጅቷ «እማማ፣ እንዲህ ከተጻፈ ለጉልበትዎ ምንም አይሸፍኑም» አለችኝ። «አይሸፍኑ። ሃያ ዓመት ራሴ ሸፍኜዋለሁ» አልኳት።

የኤምባሲው ቀጠሮ ታኅሣሥ ሃያ አንድ ነው። ለሁለታችንም የጥሪ ወረቀት ላክ። ለእኔ ብቻ ከላክህ አልመጣም፤ ያን ጊዜ ናጃህን ለፈቲሀ ስጥና ታምጣልኝ። የምመጣው ለልጄ ልጅ ነው። በር በተንኳኳ ቁጥር እናቷ ቀና ስትል አይታለች፤ አንድ ቀን ያ በር ተከፍቶ የሚጠበቀው ሰው ሲገባ እንድታይ ነው። የምተኛው እሷ ክፍል ነው። በደረስን በመጀመሪያው ጁምዓ ሩፋይዳ መቃብር ታደርሰናለህ፤ ከዚያ ፈቀቅ ብለህ ትቆማለህ። እንዳልቀረሁባት የምነግራት እኔ ነኝ።

በሩን ስትከፍትልኝ፣ አውቅሃለሁ፣ ሻንጣዬን ተቀብለህ «እናቴ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?» ማለትህ አይቀርም። አልሐምዱሊላህን ከእኔ አትጠብቅ። ያን ቃል ከአንተ እጅ አስመልሻለሁ፤ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስሰግድ ለባለቤቱ እለዋለሁ። ለአንተ የምመልሰው የሚያመኝን ነው። ከጉልበቴ እጀምራለሁ፤ ልጄ ጋ እስክደርስ ሻንጣውን እንደያዝክ ቆመህ ትሰማለህ።

የሩፋይዳ እናት፣
ዛህራ