ፊት ያልተሳለላት ሴት

ረቡዕ፣ ጁን 11፣ 2008

ዛሬም «እህ» ብቻ። ምሳ በላሽ? እህ። ላይብረሪ ሄድሽ? እህ። ሰሚራ ከደሴ እዚህ ውጭ አገር እኔ ጋ ከመጣች ሦስት ወሯ ነው። የገዛ ልጄ ናት፤ ግን ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ነው የምንተላለፈው። ቀኑን ሙሉ ኮሚክ በሚሉት የጃፓን የሥዕል ታሪክ ላይ ተደፍታ ትውላለች። ያሳደገቻትን እህቴን በስልክ «እማ» ትላታለች። እኔን ምንም አትለኝም፤ ስትፈልገኝ መጥታ ፊቴ ትቆማለች።

አልፈርድባትም። በስድስት ዓመቷ ትቻት መጣሁ፤ አሁን አሥራ አራት ሆናለች።

ሐሙስ፣ ጁን 12

ምነው ባላየሁት! ከምሠራበት ዌርሃውስ ስመለስ ሻወር ውስጥ ነበረች። ሁልጊዜ የምትደብቀው ደብተሯ ሶፋው ላይ ቀርቷል። ለካ የራሷን ኮሚክ እየሳለች ነው። ቦታው ኤርፖርት ነው። አንዲት ሴት ሻርፕ ያደረገች ልጅ አቅፋ ታለቅሳለች። ሻርፑን ብቻ አረንጓዴ ቀብታዋለች። ከኋላቸው ሌላ ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ቆማለች።

ሴትዮዋ እኔ ነኝ። ያቀፍኳት ግን የሌላ ሰው ልጅ ናት። የመጣች ቀን እህቴ «አረንጓዴ ሻርፕ አድርጋለች» ብላኝ ነበር፤ ሰሚራ ደግሞ አውሮፕላን ላይ አስመልሷት አውልቃዋለች። «ልጄ! ልጄ!» እያልኩ የሰው ልጅ ስስም እናትየው መጥታ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። ያ አላህ፣ ምነው ያኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላነሳነውም። ረስታዋለች እያልኩ ራሴን ሳታልል ከረምኩ።

ደብተሩ ላይ ሁሉም ሰው ዓይንም አፍንጫም አለው። እኔ ብቻ ፊት የለኝም።

ዓርብ፣ ጁን 13

ሱፐርቫይዘሬን ለምኜ ለነገ ከሥራ ኦፍ አገኘሁ። ፎርት ወርዝ ከተማ አንድ ሙዚየም ውስጥ የጃፓን ኮሚክ እያሳዩ ነው። ሰሚራ ማስታወቂያውን ፍሪጁ ላይ ከለጠፈችው ቆይታለች፤ እኔ እንኳን ምንድነው ብዬ አልጠየቅኩም። ደግሞ እናት ነኝ እላለሁ!

«ነገ እንሂድ?» አልኳት። «እህ» አለች። ግን ልብሷን ከአሁኑ ተኩሳ ሰቅላለች።

ቅዳሜ፣ ጁን 14

መንገድ ስቼ አርሊንግተን የሚባል ሌላ ከተማ ውስጥ ስንዞር ቆየን።

ሙዚየሙ ይበርዳል። ግድግዳው ሙሉ በእጅ የተሳሉ ገጾች ናቸው። ሰዉ ከግራ እየጀመረ ታሪኩ አልገባ ሲለው እኔ ከቀኝ ያዝኩት። ሰሚራ ዞር አለች። «ከቀኝ እንደሚጀመር ማን ነገረሽ?»

«እንዴ! ቁርኣን ስቀራ በየት በኩል የገለጥኩ መሰለሽ?»

ሳቀች። ወላሂ ሳቀች! አልሐምዱሊላህ።

ከዚያ አንዱ ገጽ ላይ ነጭ ቀለም አየሁ። «ሲሳሳቱ በዚህ ይሸፍኑታል፤ ሲታተም አይታይም» አለችኝ። ቀረብ ብዬ ሳየው የተሳሳተው መስመር ከስር ይታያል። እዚያው ሰው መሃል እንባዬ መጣ።

መኪና ውስጥ አልቻልኩም፣ አወጣሁት። «ደብተርሽን አይቼዋለሁ። የዚያን ቀን አላወቅኩሽም፣ ሰሚራዬ። አፉ በይኝ።»

«እኔ ግን አውቄሽ ነበር» አለች። «ከሩቅ። እጄን አውለብልቤልሽ ነበር።»

መንገዱ አልታይ አለኝ። ጋዝ ስቴሽን ገብቼ ፓርክ አደረግኩ። አፉ አላለችኝም።

እሁድ፣ ጁን 15

ሺፍቴ ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት ቤት ነበርኩ። ደብተሯን ይዛ መጣች። «መስኮቱ ጋ ቁጭ በይ። እንዳትንቀሳቀሺ።»

እንዲህ ትክ ብላ አይታኝ አታውቅም። ትስላለች፣ ታጠፋለች። ደግሞ ትስላለች፣ ታጠፋለች። ወረቀቱ ሊቀደድ ደረሰ። በመጨረሻ እርሳሱን ወረወረችው። «እጄ ደሴ ያለውን ፎቶሽን ነው የሚስለው» አለች። «አንቺ ደግሞ እሱን አትመስዪም።»

እኔም ኤርፖርት ቆሜ የፈለግኩት የስድስት ዓመቷን ልጅ ነበር።

ጫማዬን ሳስር መጥታ ፊቴ ቆመች። «ነገስ ትቀመጫለሽ?»

«እቀመጣለሁ።»

ይህን የምጽፈው ሥራ ቦታ፣ ብሬክ ላይ ነው። እማ አላለችኝም። ፊቱም እንዳለ ባዶ ነው። ደብተሩን ግን ስወጣ አልደበቀችውም፤ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ቀርቷል።