ፊት በሌለው ሥዕል ውስጥ ራሳቸውን ላገኙት ሊቀመንበር

ይድረስ ለክቡር ሙዜ አብዱብ፣
የሞያሌ ተሸካሚዎች ሥርዓት ማስከበሪያ ኮሚቴ ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ጉልበትዎ የጸና እንዲሆንልዎ፣ ከሰሞኑ ቁጣዎም ቶሎ እንዲያገግሙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ገበያው ጥግ ላይ ሌሶ የሚባለውን የሴት መጎናጸፊያና ሽርጥ የምሸጠው ኸይራ ነኝ፤ ሳልጠይቅዎ ግድግዳዬን ነጭ ያስቀቡልኝ ሴት። በአካል ቀርቤ እንዳላመሰግንዎ፣ የቢሮዎ ዘበኛ ሶራ «ሙዜ ሴት አያነጋግሩም፤ ቢያነጋግሩም አይሰሙም» ብሎ በቅንነት ስለመከረኝ፣ አገር እያነበበው መጻፉን መረጥኩ።

አንደኛ፣ ለፍልስፍና ስለዋሉት ውለታ አመሰግናለሁ። እንደሚያውቁት መምህር ሊበን ዓርብ ዓርብ ከዐስር ሶላት በኋላ በሱቄ ጓሮ ሰው ይሰበስብ ነበር። ተማሪው፣ የቦዳቦዳ ሞተር ነጂው፣ ከድንበር ወዲያና ወዲህ ዕቃ የሚሸከሙት ሴቶች፣ ደንበኛ ሲጠፋ ደግሞ እኔም እዚያው ነበርን። ሊበን ፍልስፍና ማለት አንድን ነገር ይዞ እስከ ሥሩ መቆፈር ነው ይለን ነበር፤ ሥሩ የማንም ግቢ ውስጥ ቢገኝ። አንድ ዓርብ «ሰው ለምን ይታዘዛል?» ብሎ ጠየቀን። አንዱ «ፈርቶ» አለ፣ ሌላው «ለምዶ» አለ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ግን ተነሥታ «ለሰው ፈቃድ የሚሰጠው ሰው፣ የራሱን ፈቃድ ከማን አገኘ?» አለች። አንዱ የቦዳቦዳ ነጂ ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁን ዋጠው፤ ጠያቂዋ ሪሃና፣ የእርስዎ ልጅ ነበረችና። በግቢዎ እንዲህ ያለ አእምሮ ስላሳደጉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፣ ለሥነ ጥበብ ያሳዩት ትኩረት ነው። ሠዓሊዋ ኑርሀን የሪሃናን ጥያቄ ይዛ ሄዳ ግድግዳዬ ላይ ሣለችው፤ አንድ ሰው ትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ የወንበሩ እግሮች ያረፉት ዕቃ በተሸከሙ አራት ሴቶች ጭንቅላት ላይ ነው። ሊበን ሥዕሉን አይቶ «ሥዕል ከማንም ራስ ላይ ሸክም አያወርድም» አላት። ኑርሀንም «ለማውረድ መጀመሪያ መሸከምህን ማየት አለብህ» ብላ መለሰችለት። ክርክሩ አላለቀም ነበር፤ እርስዎ መጥተው ጨረሱልን። ከመኪናዎ ወርደው ሥዕሉን አፍጥጠው አዩና «ይሄ እኔ ነኝ! ስሜን ለማጥፋት ነው!» ብለው ጮኹ። ኑርሀን የሰውየውን ፊት ገና አልሣለችውም ነበር። ዓይን የለው፣ አፍንጫ የለው፣ ጢም የለው። እንዲህ ያለ ተመልካች የትኛውም ሠዓሊ አግኝቶ አያውቅም።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ፍትሕዎ ነው፤ ረዘም ይላልና ይታገሱኝ።

ቀለም ቀቢዎ ሥዕሉን በነጭ ቀለም መሸፈን ሳይጀምር፣ ከተሸካሚዎቹ አንዷ አሻ ጭነቷን እንደያዘች ሥዕሉ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆማ ነበር። በማግሥቱ እሷና ጓደኞቿ የኮሚቴዎን የመሸከሚያ ፈቃድ ለመቀበል ፀሐይ ላይ አልተሰለፉም፤ ዕቃቸውን አንሥተው በቀጥታ ወደ ሥራቸው ሄዱ። ቢሮዎ በር ላይ ሰልፍ ሳይታይ የዋለበትን ቀን አላስታውስም። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰዎችዎ ሊበንን ከጓሮዬ ጎትተው ወስደው የኮሚቴው መጋዘን ውስጥ ቆለፉበት። ክሱም «ወጣት ማበላሸት» ተባለ። ጥያቄው የልጅዎ፣ ሥዕሉ የኑርሀን፣ እምቢታው የአሻ ሆኖ ሳለ የታሰረው እሱ መሆኑ፣ ሴት ልጅ በራሷ አታስብም ከሚለው የቆየ እምነትዎ ጋር ይስማማል።

እኔ ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽዎትም። ሱቄን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ማንም ወደ መጋዘኑ አልሄደም፤ ከአንድ ሰው በቀር።

በማግሥቱ እርስዎ ምሳ በልተው ጋደም ባሉበት ሪሃና ከኮትዎ ኪስ የመጋዘኑን ቁልፍ አወጣች። በገበያው መካከል፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ሳትሮጥ ሄደች። ዘበኛዎ ሶራ መንገድ ዘግቶ «የማን ፈቃድ ይዘሽ ነው?» ሲላት «የራሴን» አለችው። ሶራም፣ አይቆጡትና፣ ዘወር አለላት። ሊበን ሲወጣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ ግራ እጁ አብጦ ነበር። እጁን የረገጠው ማን እንደሆነ ስንጠይቀው «ጥያቄውን እናቆየው» አለን። አሻ ሸክሟን መሬት አስቀመጠችና ደግፋ ወሰደችው።

ከዚያ ወዲህ ሊበንንና ሪሃናን ያስጠጋ ሰው ሱቁ እንደሚታሸግ፣ ከከተማም እንደሚባረር ማስነገርዎን ሰምቻለሁ። ሰዎችዎ ቡቲዬ መንደር ድረስ ወርደው የሰው በረት ሳይቀር መፈተሻቸውን፣ ሄሉ ሰፈር ውስጥም አንዲት አራስ ከአልጋዋ ማስነሣታቸውን ሰምቻለሁ። ይህ ሁሉ ድካም ሊቀርልዎ ይችል ነበር። ሊበንና ሪሃና እኔ ሱቅ ውስጥ ናቸው። ኑርሀንም አለች። ማሸጊያዎን ይዘው ሲመጡ በሩ ላይ ተቀምጬ ያገኙኛል፤ አሻና ጓደኞቿም ከጎኔ ይኖራሉ። የመጣው ይምጣ ብለን የተስማማነው ደፋሮች ስለሆንን አይደለም፤ አሁንም ማታ ማታ የበሩን መቀርቀሪያ ሁለት ጊዜ እፈትሻለሁ። ነገር ግን አንዲት ልጅ ብቻዋን ገበያ አቋርጣ ስትሄድ በመስኮት ቀዳዳ ያየሁበትን ያን ቀን መድገም አልችልም።

በተረፈ፣ ማሰብን በመከልከል ብዙዎቻችንን ወደ ማሰብ ለመለሱን ለእርስዎ፣ ለኮሚቴዎና ለቀለም ቀቢዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ከነስሜና ከነአድራሻዬ እሰናበትዎታለሁ።

ታዛዥዎ ለመሆን ያልተሳካላት፣
ኸይራ፣ ሌሶና ሽርጥ ነጋዴ፣ ሞያሌ

በድጋሚ፦ ሪሃና እንዳልረሳ አደራ ያለችኝ መልእክት አለ። የደም ግፊት መድኃኒትዎ ሳሎን ከሬዲዮው ጀርባ ነው፤ እሷ ከሌለች የሚያስታውስዎ የለምና ጠዋት ከቁርስ በኋላ ይዋጡት። ይህን ስትነግረኝ አልቅሳለች። ፈርታዎት እንዳይመስልዎ፤ አባቷ ስለሆኑ ነው።