ሰማያዊ ጥብጣብ ያሰርኩላቸው በጎች

የካቲት 18፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ከጅማ ወጣ ብላ ያለችው ገጠር፣ ሰቃ፣ ነኝ። ሚዛኑ ዛሬም አስቸገረኝ፤ በጎቹ ግን ከሚዛኑም ባሱ። ሜዳው ደርቋል። የቀረው ሣር ፕሮቲን የሚባል ነገር እንደሌለው ላብራቶሪው ነግሮኛል። ለጥናቱ ከገበሬዎቹ በጎች መርጬ ሰማያዊ ጥብጣብ ያሰርኩላቸው ከክረምቱ ይልቅ መክሳት ነበረባቸው። አልከሱም። እንዲያውም ጨምረዋል! ምን እየበሉ ነው? ቀኑን ሙሉ ከኋላቸው እየዞርኩ አፍ አፋቸውን አያለሁ፤ የቀመሱትን ሣር እየነጨሁ ለናሙና እይዛለሁ። ሰው አብዳለች ይበል። ግድ የለኝም።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ጅማ። አማካሪዬ፣ ዶ/ሩ፣ ውጤቱን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ። ቡናው ሥር ያለውን ቅጠላ ቅጠል መርጠው በልተው ይሆናል፣ ትልቅ ግኝት ነው፣ ቶሎ ጽፈሽ ጨርሺ አለኝ። በደስታ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ለሰሎሞን ደወልኩለት። ሰርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው። እስካሁን የተራዘመው በኔ ትምህርት ስለሆነ ከእንግዲህ ማራዘም የለም አለኝ፣ እየሳቀ። ሳቁ አላማረኝም።

ማስታወሻዬ፣ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ጥብጣብ የሌላቸው በጎች አጥንታቸው ወጥቷል። ሜዳው ግን አንድ ነው። ታዲያ?

የካቲት 22፣ ቅዳሜ፣ 11 ሰዓት ተኩል

ጉዴ ፈላ!

ወደ ጅማ የምመለስበት ሚኒባስ አመለጠኝና ወደ መንደሩ ተመለስኩ። ከበጎቹ ባለቤቶች አንዷ ወደሆኑት ወደ አዴ ዘሃራ ግቢ ገባሁ (አዴ በኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው)። ጥብጣብ ያላቸው ለብቻቸው ታስረው የተከተፈ የእንሰት ቅጠል በጨው ይበላሉ። የራሳቸው የአዴ ዘሃራ በጎች ከአጥሩ ውጪ ቆመው ያያሉ። ጎረቤት ሄድኩ። እዚያም ያው። ሁሉም ቤት!

በግጦሽ ብቻ ይዋሉ፣ ምንም እንዳትሰጡብኝ ብዬ ለምኜ ነበር እኮ። እነሱ ግን ለጥናቷ ከሆኑ የሷ ናቸው፣ የእንግዳ ናቸው ተባባሉ። እምቢታዬንም በሌላ ተረጎሙት።

«ልጄ፣ እንግዳ መቼ ስጡኝ ይላል?» አሉኝ አዴ ዘሃራ። «ይሉኝታ ይዞሽ ነው ብለን ነው። ወላሂ፣ ያንቺ ተርቦ የኛ ቢጠግብ ነውር ነው።»

አመሰግናለሁ አልኩ። ወጥቼ አለቀስኩ።

የካቲት 23፣ እሑድ

ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቅዳሴው ሳያልቅ ወጣሁ። ውጤቱ ሐሰት መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ብል ማን ይጠይቀኛል? የዶ/ሩን ቅጠላ ቅጠል ጽፌ እመረቃለሁ፣ አገባለሁ።

ከዚያ አንዱ ባለሙያ ጽሑፌን ያነባል። ሰቃ ይመጣል። በበጋ ሜዳው ይበቃል፣ ለበግ ተጨማሪ መኖ አያስፈልግም ብሎ ያስተምራል። አዴ ዘሃራም ያምኑታል፤ የተማረ ሰው ያከብራሉ። በጎቻቸው ያልቃሉ። በኔ!

ንዴቴ በማን እንደሆነ አላውቅም። የራሳቸውን አስርበው የኔን አበሉ። እንዴት እናደድባቸዋለሁ?

የካቲት 24፣ ሰኞ፣ 5 ሰዓት

ለዶ/ሩ ነገርኩት። የበጋው ሥራ እንዳለ ወድቋል፣ ከመጪው ኅዳር እንደገና ትጀምሪያለሽ አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ለሰሎሞን ደወልኩ። ምርቃቴ ስለሚዘገይ ሰርጉም ይቆይ አልኩት።

«ለበግ ብለሽ ነው ሰርጋችንን የምትተዪው?» አለኝ።

ሰርጉን አልተውኩም፣ ውሸት ጽፌ ግን አልሞሸርም አልኩት። ዘጋብኝ።

አሁን መናኸሪያ ነኝ። ሰቃ ቤት ልከራይ ነው፤ በመጪው በጋ በጎቹ ምን እንደሚበሉ እዚያው ሆኜ አያለሁ። ስልኬ ይጠራል። እሱ ነው። አነሳለሁ። ሐሳቤን ግን አልቀይርም።