ሁለተኛው መስመር፤ የወይዘሮ አርሊታ ሞብሊ ጋድስደን የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አርሊታ ሞብሊ ጋድስደን እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1943 ዓ.ም. በጆርጂያ፣ በሜከን ከተማ፣ ከአባታቸው ከአቶ ሩፈስ ሞብሊና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦዜላ ሞብሊ ተወለዱ። አባታቸው የጡብ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። እናታቸው ደግሞ ነጮች በሚገበዩበት ሱቅ ጓዳ ተቀምጠው ቀሚስ ሲያጠብቡና ሲያሰፉ የኖሩ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ወይዘሮ አርሊታ ለቤተሰቡ የመጀመሪያ ልጅ ናቸው። ሁለተኛዋና የመጨረሻዋ ልጅ ቨርኔል ከአራት ዓመት በኋላ ተወለደች፤ ይህን ታሪክ የጻፈችውም እሷ ናት። ፓስተር ትሬድዌል በዚህ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ታሪኩ እንደ ልማዳችን ፒያኖ በዝግታ እየተመታ ሁሉም ከታተመው ወረቀት በልቡ እንዲያነበው ሐሳብ አቅርበው ነበር። ቨርኔል ግን በልብ ይነበብ ሲባል ሰው ፎቶውን ብቻ እያየ እንደሚያልፍ ስለምታውቅ፣ ጮክ ተብሎ ይነበብ ብላለች። የተፈቀደላት ሁለት ደቂቃ ነው፤ እንደማይበቃት ከወዲሁ ታሳውቃለች።

ወይዘሮ አርሊታ ከልጅነታቸው ጀምሮ ድምፀ መልካም ነበሩ። በስድስት ዓመታቸው በቤተ ክርስቲያን ብቻቸውን ቆመው ዘመሩ፤ በስምንት ዓመታቸው ፒያኖ መማር ጀመሩ። ቤተሰቡ ሁለት ልጅ ፒያኖ ለማስተማር አቅም ስላልነበረው፣ ታላቂቱ ስትጫወት ታናሺቱ አጠገቧ ቆማ ገጽ ትገልጥ ነበር። ቅናቱ ከየት ጀመረ የሚል ሰው ካለ፣ ከዚያ ነው የጀመረው። እናታቸው የማይሻር ደንብ ነበራቸው። በሰንበት ትምህርት ጥቅሱን የሚያውቅ ልጅ እጁን አያወጣም፣ መምህሯ ስሙን እስክትጠራ ይጠብቃል። የራሱን ስም ራሱ የሚያስቀድም ልጅ የኦዜላ ሞብሊ ልጅ አይደለም። "ሳትጠሪ እንዳትነሺ" ይሏቸው ነበር፣ ሪባናቸውን እያሰሩላቸው። ሁለቱም ደንቡን ጠበቁ። ልዩነቱ፣ አርሊታ ሁልጊዜ ይጠሩ ነበር።

በ1961 በዚያን ጊዜ ለጥቁሮች ብቻ ከነበረው የከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በማዕረግ ተመረቁ። የጽሕፈት ሥራ ተምረው በአንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ተቀጠሩ። በ1966 የፖስታ ሠራተኛ ከነበሩት ከአቶ ክሌመንት ጋድስደን ጋር ትዳር መሥርተው ሮዝሊንና ታዲየስ የተባሉ ሁለት ልጆች አፍርተዋል። አቶ ክሌመንት በቤተ ክርስቲያናችን የዓሣ ጥብስ ግብዣ ዕለት መጀመሪያ ያነጋገሩት ቨርኔልን ነበር፤ ያሏትም "እህትሽ መጥታለች?" ነው። ቨርኔል አላገባችም። ይህ የእሷ የሕይወት ታሪክ ስላልሆነ ምክንያቱ እዚህ አይብራራም።

በ1972 የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ከካታሎግ ያዘዙት ጋዎን ደረሰ። እጅጌው ከመርዘሙ የተነሣ ሴቶቹ የመዝሙር መጽሐፋቸውን መግለጥ አቃታቸው፤ የወንዶቹ ደግሞ ጉልበታቸው ላይ ቀረ። የዚያኑ ዕለት ከስብከቱ በኋላ ወይዘሮ አርሊታ ቆመው፣ እርግጥ ተጠርተው ነው፣ "እኛ እንሰፋዋለን" አሉ። እኛ ያሉት ቨርኔልን ሳያማክሩ ነው። በእናታቸው ሳሎን ሃያ አራት ወይን ጠጅ ጋዎኖች ተሰፉ፤ ሞብሊ የመዘምራን ልብስ የተባለው ድርጅትም በሁለቱ እህትማማቾች ስም ተመዘገበ። ወይዘሮ አርሊታ ከየቤተ ክርስቲያኑ ትዕዛዝ ያመጣሉ፣ ይሰፋሉ፣ ያሰፋሉ። ቨርኔል ትለካለች፣ ትቆርጣለች።

የዚህ ሥራ ችግሩ ጨርቁ አይደለም፣ ዘማሪዎቹ ናቸው። ሜትር ይዞ ለሚቀርባቸው ሰው ሆዳቸውን ያስገባሉ፤ ልካቸውን ሲጠየቁ ደግሞ የሠርጋቸውን ዘመን የልብስ ቁጥር ይናገራሉ። የካታሎጉ ልብስ የተበላሸው ሰፊው የተነገረውን ስላመነ ነው። ቨርኔል የተነገራትን ጮክ ብላ ትደግማለች፣ "አሥራ ሁለት፤ እሺ እህት ሃቲ" ብላ ትጽፋለች፣ ከዚያ ዓይኗ የነገራትን አሥራ ስምንት ትቆርጣለች። ልብሱ ልክክ ሲል እህት ሃቲ አርሊታን አቅፈው "ምን ዓይነት እጅ ነው የሰጠሽ!" ይላሉ። ወይዘሮ አርሊታም "ክብሩ የጌታ ነው" ብለው ይመልሱ ነበር። ክብሩ የጌታ መሆኑን ቨርኔል አትክድም። መቀሱን የያዘው ግን ጌታ አልነበረም።

ሥራው አደገ። በ1994 ድርጅቱ ሠላሳ አንድ ሠራተኞች ነበሩት፤ ጋዎኖቻችን በአሥራ ዘጠኝ ግዛቶችና በባሃማስ ሳይቀር ይለበሱ ነበር። በዚያ ዓመት የአናሳ ማኅበረሰብ አባላት ላቋቋሟቸው ድርጅቶችና ለደጋፊዎቻቸው በዋሽንግተን ለሚሰጠው ብሔራዊ ሽልማት እንዲወዳደሩ ቅጽ ተላከላቸው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በወይዘሮ አርሊታ የምግብ ጠረጴዛ ላይ፣ ቅጹን የሞላችው ቨርኔል ናት። የእጅ ጽሕፈቷ ስለሚያምር የቤተ ክርስቲያናችንን የጥምቀት ወረቀት ሁሉ የምትጽፈውም እሷ ነበረች። "የድርጅቱ ባለቤት ወይም ባለቤቶች" ከሚለው ሥር ሁለት መስመር ነበር። በመጀመሪያው መስመር "አርሊታ ሞብሊ ጋድስደን" ብላ ጻፈች።

ከዚያ ብዕሯን አንስታ ጠበቀች። "ያንቺንም ጻፊ እንጂ" ቢሏት በቂ ነበር። ወይዘሮ አርሊታ በረዶ ያለበት ሻያቸውን እያማሰሉ ቅጹን አዩና "እጅሽ እንዴት ያምራል፣ ኔል" አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ቨርኔል ማስመሪያ አንስታ፣ ባዶውን መስመር ከዳር እስከ ዳር ሰረዘችው። ከዚያ የቀረበላትን የኮክ ጣፋጭ በልታ ቤቷ ገባች።

በሴፕቴምበር ወር ወይዘሮ አርሊታ አሸነፉ። ዋሽንግተን በሚገኝ ትልቅ ሆቴል አዳራሽ፣ አናሳ የሚባሉት ሰዎች ጢም ብለው ሞልተውት፣ ስማቸው ተጠርቶ ወደ መድረክ ወጡ። የለበሱትን ሰማያዊ ቀሚስ የቆረጠችው ቨርኔል ናት። እሷ የተቀመጠችው ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ ጠረጴዛ ቁጥር አርባ አንድ ላይ ሲሆን፣ ደረቷ ላይ የተለጠፈው ባጅ "እንግዳ" ይላል፤ ስም የለውም። ከኒው ሜክሲኮ የመጡ፣ የብር ጌጥ የሚሠሩ አንዲት ሴት "አንቺስ በምን ሥራ ነው ያለሽው?" ብለው ጠየቋት። "እዚያ የቆመችውን ሴትዮ አለብሳለሁ" አለቻቸው።

ወይዘሮ አርሊታ እግዚአብሔርን፣ ባለቤታቸውን፣ ወላጆቻቸውን፣ ፓስተሩንና "በቤት ያሉትን ሁሉ" አመሰገኑ። ቨርኔል በቤት አልነበረችም፤ እዚያው ነበረች። ቀጥሎ የደጋፊ ሽልማት ለከተማችን የባንክ ሥራ አስኪያጅ ለሚስተር ላኒየር ተሰጠ። ሚስተር ላኒየር በ1979 የስፌት መኪኖቹን የገዛንበትን ብድር ፈርመዋል። ጥሩ ፊርማ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ፊርማ ነበር። ቨርኔል ያን ቀን ሒሳቡን በልቧ ስታወራርድ ለባለቤት ሽልማት አለ፣ ለደጋፊም ሽልማት አለ፤ እሷ ከሁለቱም የለችበትም። ሚስተር ላኒየር በመውጫው ላይ እጇን ጨብጠው "ደጋፊ መባል እኮ ትልቅ ክብር ነው" አሏት። ሰውየው ደግ ሰው ነበሩ፤ ቨርኔል ግን በእሳቸውም ቀናች። በራት ሰዓት በደረሳቸው የዶሮ ብልት ሳይቀር ቀናች።

ከዚያ በኋላ ቨርኔል ወይዘሮ አርሊታን ለአሥራ አንድ ቀን አላነጋገረችም። ሥራ እንዳይቆም በወረቀት ይጻጻፉ ነበር። ለሽልማት የተሰጣቸው የመስታወት ዋንጫ በስፌት ቤታችን መግቢያ ላይ መደርደሪያ ተሠርቶለት ተቀመጠ። ቨርኔል ቤቱን ሁሉ ስታጸዳ ዋንጫውን ግን አንድ ቀን አቧራውን አልጠረገችም፤ ወይዘሮ አርሊታ ራሳቸው በየሰኞው በመሐረባቸው ያብሱት ነበር። ጋዜጠኛ በመጣ ቁጥር ቨርኔል ጓዳ ገብታ ጨርቅ ታጥፋለች። ይህ ሁሉ ለምን ተጻፈ የሚል ይኖራል። የተጻፈው ወይዘሮ አርሊታ ይጻፍ ስላሉ ነው፤ እንዲህም ሆነ።

ወይዘሮ አርሊታ በ2015 ባለቤታቸውን በሞት አጡ። ከ2021 ጀምሮ የኩላሊት ሕመም ስላደረባቸው በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ይሄዱ ነበር፤ የምትወስዳቸውም የምትመልሳቸውም ቨርኔል ናት። በኦክቶበር 2023 አንድ ማክሰኞ ሲመለሱ፣ የጭነት ባቡር እስኪያልፍ ሐዲዱ ጋ ቆሙ። ቨርኔል በዚያች ቀን አንደበቷ ተፈታ።

"አርሊታ፣ ያን ቅጽ ስሞላ ስምሽን ጻፊ ለምን አላልሽኝም?"

"የቱን ቅጽ?"

"የቱን እንደሆነ አሳምረሽ ታውቂያለሽ።"

ባቡሩ ረጅም ነበር። ወይዘሮ አርሊታ ብዙ ፉርጎ ካለፈ በኋላ መለሱ።

"ብዕሩ አንቺ እጅ ነበር። ትጽፊዋለሽ ብዬ ስጠብቅ፣ ጭራሽ ሰረዝሽው። ያን ሰሞን ከአትላንታ የልብስ ድርጅት ሥራ ሊሰጡሽ ይደውሉልሽ ነበር። ትታኝ ልትሄድ ነው፣ ስሟ ከኔ ጋር እንዲገባ አትፈልግም አልኩ።"

"ታዲያ አትጠይቂኝም?"

"አንቺስ አትናገሪም?"

"ሳትጠሪ እንዳትነሺ ተብዬ ነዋ ያደግሁት።"

"እኔስ የማን ልጅ ነኝ?"

ከዚያ ወይዘሮ አርሊታ ቨርኔል ያልጠበቀችውን ተናገሩ።

"እቀናብሽ ነበር እኮ። ሴቶቹ እኔን አቅፈው ይሄዳሉ። ሲከፋቸው ግን ያንቺ መቁረጫ ጠረጴዛ ጋ ነው የሚቀመጡት። ሃቲ የባሏን ነገር ለኔ አንድ ቀን ተንፍሳ አታውቅም።"

ቨርኔል ይህን ስትሰማ ደስ አላት። ደስ በማለቷ ማፈር ነበረባት፤ አላፈረችም።

"ታላቅ አንቺ ነሽ" አለች። "መጥራቱ ያንቺ ነበር።"

"አዎ፤ የኔ ነበር" አሉ ወይዘሮ አርሊታ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ስሚ፣ የሕይወት ታሪኬን አንቺ ጻፊው። ሮዝሊን ከጻፈችው መልአክ ታደርገኛለች። ደግሞ በዚህኛው ላይ ስምሽን እንዳትሰርዢ።"

ባቡሩ አለፈ፤ ወደ ቤት ሄዱ። ጉዳዩን ዳግመኛ አላነሡትም። ቨርኔል ሙሉ በሙሉ ይቅር እንዳላለች ወይዘሮ አርሊታ ያውቁ ነበር፤ ቨርኔልም እንደሚያውቁ ታውቅ ነበር። በቀጣዩ ሰኞ ግን ወይዘሮ አርሊታ ከአልጋ መነሣት ስላቃታቸው፣ ዋንጫውን ያበሰችው ቨርኔል ናት።

ወይዘሮ አርሊታ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጃንዋሪ 27 ቀን 2024፣ በሰማንያ ዓመታቸው፣ በቤታቸው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት አርፈዋል። ልጃቸው ሮዝሊን ለማተሚያ ቤቱ ባዘጋጀችው ረቂቅ ላይ "በእህታቸው በወይዘሪት ቨርኔል ሞብሊ ድጋፍ ድርጅታቸውን አቋቋሙ" የሚል ነበረበት። ቨርኔል ድጋፍ የሚለውን ሰረዘችው። ሮዝሊን "አክስቴ፣ ደጋፊ መባል እኮ ክብር ነው" አለቻት። ቨርኔልም "ሚስተር ላኒየርም እንደዚያ ብለውኛል" ብላ የራሷን ወረቀት ሰጠቻት፤ አሁን የምትሰሙት እሱን ነው።

ዛሬ ወይዘሮ አርሊታ በተከፈተው ሣጥናቸው ውስጥ የለበሱት ወይን ጠጅ ጋዎን በመጨረሻው ሳምንት የተቆረጠ ነው። ልካቸውን ስትጠይቃቸው "እንደ ድሮው አሥራ ስድስት ነኝ፤ አልከሳሁም" አሏት። ቨርኔል "አሥራ ስድስት፤ እሺ እህቴ" ብላ ጻፈች። ከዚያ ጓዳ ገብታ ካለቀሰች በኋላ ስምንት ቆረጠች። ቀርባችሁ ስታዩ ልክ መሆኑን ትመሰክራላችሁ።

ወይዘሮ አርሊታ ሴት ልጃቸውን ሮዝሊንን፣ ወንድ ልጃቸውን ታዲየስን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ የቤተ ክርስቲያናችንን መዘምራንና እህታቸውን ቨርኔል ሞብሊን ትተው አልፈዋል። የሞብሊ የመዘምራን ልብስ ባለቤቶች፤ በመጀመሪያው መስመር አርሊታ ሞብሊ ጋድስደን፣ በሁለተኛው መስመር ቨርኔል ሞብሊ።

እግዚአብሔር የወይዘሮ አርሊታን ነፍስ በስማቸው ጠርቶ ከመዘምራኑ መካከል ያቁማት። ታናሽ እህታቸውም ቀኗ ሲደርስ እንዳደገችበት በሰማዩ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ በዚህኛው ጊዜ ግን አደራ፣ ወይዘሮ አርሊታ ይጥሯት። አሜን።