ሚስማር የማይታይበት ወለል

ለይልማዬ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ደህንነቱ የሚያጠያይቀው አንተ ካለህበት ይልቅ እኛ ያለንበት ነው። ከተለየኸን አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ሙት ዓመትህን አስበን፣ እንግዳ ሸኝተን፣ ድስቱን ሁሉ አጥበን ከጨረስን ወዲህ ልጽፍልህ ስነሳ ስቀመጥ ነው የከረምኩት። የምነግርህ ደህና ነገር አልነበረኝማ! ዛሬ ግን አለኝ፤ ከጓሮው በር ውጪ ያለው ወለል፣ ዴኩ፣ አለቀ። የእናትህን ነገር ደግሞ ወደ መጨረሻው አደርሰዋለሁ። አንተ መቼም ወሬ ሳይጀመር "መጨረሻውን ንገሪኝ" የምትል ሰው ነበርክ፤ ዛሬ ግን ወደድክም ጠላህም መታገስህ ነው።

ቤቱ እንዳለ ነው። አውሮፕላኑ አሁንም በሰፈራችን በሬክስዴል ጣራዎች ላይ ዝቅ ብሎ እያለፈ ወሬያችንን ያቋርጥብናል። እኔም የልብስ ማስተካከያ ሱቄን እንደያዝኩ ነኝ፤ የሰው ሱሪ ሳሳጥር እውላለሁ። ልጃችን ሳሮን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ መመለሷን ግን አልተወችም። የፊትና የጓሮ በሮቹን ጥቁር ቡኒ አስቀብቻቸዋለሁ፤ አትቆጣ፣ አምሮባቸዋል።

ያ ሚስማር እናትህን የወጋበት ቀን አይረሳህም። የአሮጌውን ዴክ ሚስማር በየዓመቱ በረዶው ከእንጨቱ እየገፋ ያወጣዋል፤ አንተ ደግሞ በረዶው በቀለጠ ቁጥር መዶሻ ይዘህ ትመልሰዋለህ። አንዱን ስተኸው ኖሯል። እማማ እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን ደፉ ላይ አውልቀው፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ሊጸልዩ ሲወጡ ነው እግራቸውን የወጋቸው። በጫማ ይጸልዩ ብላቸው በእግዚአብሔር ፊት በጫማ ይቆማል ወይ ብለው የተቆጡኝን ቁጣ እስካሁን እሰማዋለሁ። ተሸክመህ ወደ መኪና ወሰድካቸው፤ መርፌ ተወግተው ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመህ "እማዬ፣ ሚስማር የማይታይበት ወለል እሠራልሻለሁ" አልካቸው። እሳቸውም እግራቸውን እያሻሹ "ታዲያ ምን ይይዘዋል?" አሉህ። ሳቅክ።

በዚያው የፈረንጅ በጋ፣ ነሐሴ ውስጥ ነው መሰለኝ፣ ለምሳ ከሱቅ ብመለስ ጓሮው ውስጥ በጠራራ ፀሐይ በአንድ እግርህ ቆመሃል። ሱሪህን ጠቅልለህ፣ ባዶ እግርህን አንዲት ቁራጭ ጣውላ ላይ አድርገህ፣ ሌላውን እግር አንስተህ። አጥር የሚጋራን ሽማግሌ አገጩን አጥሩ ላይ አስደግፎ ያይሃል። እኔ በመስኮት ብቅ ብዬ "ሽመላ ሆንክ እንዴ?" ብልህ "ስፖርት ነው" ብለኸኝ ወደ ሌላዋ ቁራጭ ተሻገርክ። ከዚያ ወደ ሌላዋ። ስቄ ምሳዬን በላሁና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ከዚያ በረዶው መጣ፤ በረዶው ሳይቀልጥም አንተ ሄድክ። ልብህ ናት ጉድ ያደረገችን። ይህን አላስረዝመውም፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ እኔም አልገደደኝም።

ከቀብርህ በኋላ እማማ ወደ ጓሮ መውጣት ተዉ። እግራቸው ድኗል፤ የተጎዳው ሌላ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ የሳሎኑን ምንጣፍ እንኳ በጣታቸው ሳይዳስሱ አይረግጡትም ነበር። ጓሮውን ከሚያሳየው የመኝታ ቤታቸው መስኮት አጠገብ ወንበር አስጠግተው ቁጭ ብለው ይጸልያሉ። ደግሞም ድምፃቸው ጠፋ። ያ ዳዊታቸውን ሲደግሙ ታች ቤዝመንት ድረስ የሚሰማው፣ አንተን እሑድ እሑድ ከእንቅልፍህ የሚቀሰቅስህ ድምፅ ከንፈር ማንቀሳቀስ ብቻ ሆነ። ስምህን አይጠሩም። እንውጣ፣ አየር እንቀበል ስላቸው "ከእንግዲህ ለእኔ መስኮቱ ይበቃኛል" ይሉኛል። ምግባቸው አነሰ፤ እግራቸው ከአልጋ ወንበር፣ ከወንበር አልጋ ሆነ። ፈራሁ፣ ይልማዬ። አንተን ሸኝቼ ሳልጨርስ እሳቸውም በተቀመጡበት ሊያልቁብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

ዘንድሮ በረዶው እንደቀለጠ ሳሮን አሮጌውን ዴክ ቆማ ስታየው ቆየችና "ማሚ፣ ይሄ የዳዲ ፕሮጀክት ነው፤ እኔ ፊኒሽ አደርገዋለሁ" አለች። ሙሉውን በአማርኛ ልትለው ምን ያህል እንደጣረች ስላየሁ እምቢ ለማለት አቅም አጣሁ። ጋራዡ ውስጥ ስንፈልግ እነዚያን ቁርጥራጭ ጣውላዎች በፌስታል ጠቅልለህ ያስቀመጥካቸውን አገኘናቸው። የእንጨት ብናኝና ፕላስቲክ ተቀላቅሎ የሚሠራው፣ ኮምፖዚት የሚሉት ጣውላ ናሙናዎች ናቸው። እኔ ወዲያው ጥቁር ቡኒውን መረጥኩ፤ ከበሩ ጋር ልክክ ይላላ!

ለማመሳከር ብዬ ሁሉንም በሩ ሥር ደረደርኳቸውና ወጥ ልማስል ገባሁ። ፀሐይዋ የዋዛ አልነበረችም። ተመልሼ ጥቁር ቡኒውን ላንሳ ብል መዳፌን ልክ እንደ ካውያ ጠበሰኝ። ጣልኩት። ሌላውን ነካሁ፤ እሱም ያው ነው። አመድማዋን ብነካት ሞቅ ከማለት በቀር ምንም አላደረገችኝም። እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ለካስ ሽመላው ስፖርት አልነበረም! ለካስ በቀትር ባዶ እግርህን እያቃጠልክ የእናትህን እግር ቦታ ስትመርጥ ነበር። ሳቄ ነው የቀደመው፤ ለቅሶው ከኋላ ደረሰበት። ሳሮን ሮጣ መጥታ ምን ሆንሽ ብትለኝ ቀለሙን መረጥኩ አልኳት።

አመድማው መጣ። ሥራውን በደቦ ነው ያነሳነው። ጓደኛህ ታደለ የአውሮፕላን ማረፊያ ታክሲውን አቁሞ መጣ፤ ከእድራችን ሁለት ሰዎች ተጨመሩ። አለቃችን ግን ሳሮን ነበረች። መመሪያውን አንብባ፣ ቪዲዮውን ደጋግማ አይታ፣ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ስትዞር ብታያት! አሮጌውን ነቀልን። ከሥር ያሉት ተሸካሚ እንጨቶች ከጥቂቱ በቀር ደህና ናቸው፤ የበሰበሱትን ለወጥናቸው። ከዚያ አዲሶቹ ጣውላዎች ተነጠፉ። ጣውላው በጎኑ ቦይ አለው፤ ክሊፕ የሚሏት ትንሽዬ መያዣ በቦዩ ውስጥ ትገባለች፣ ብሎኑ ክሊፗን ከተሸካሚው ጋር ያስራታል፣ ቀጣዩ ጣውላ ደግሞ መጥቶ ይሸፍናታል። ከላይ አንዳች አይታይም።

ታደለን ታውቀዋለህ፤ ነገሩ አልዋጥልህ አለው። በመጀመሪያ በጣውላዎቹ መካከል ያለው ክፍተት የሰነፍ ሥራ ነው ብሎ ተሟገተ፤ ሳሮን "ጋሼ፣ ሙቀት ሲሆን ኤክስፓንድ ያደርጋል፣ ጋፕ ያስፈልገዋል" ብላ ረታችው። ቀጥሎ ያቺን የምታክል ክሊፕ እንዴት ሰው ትሸከማለች አለ። ለዚህም ሳሮን መልስ ስትሰጠው ራሱን ነቀነቀና ዝም አለ። የታደለ ዝምታ እንደሚያሰጋ ባልረሳው ደግ ነበር።

ሥራው አልቆ ሁሉም ሲበላ እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ ወለሉን በመዳፌ ዳሰስኩት። የልብስ ሰፊ አመል ነው፤ ልብስ ለባለቤቱ ሳላስረክብ መርፌ እንዳልረሳሁበት በእጄ ሳልሄድበት አላምነውም። እስከ ምሥራቁ ጥግ ድረስ ልስልስ ያለ ነው። ጥጉ ጋ ስደርስ ቆረቆረኝ። አዎ፣ የብሎን ራሶች! እማማ በሚቆሙባት በዚያችው ቦታ ላይ፣ ከሌላው ሁሉ ተመርጣ፣ ከላይ ወደ ታች የተመቱ ብሎኖች።

ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ታደለ ጉርሻውን አፉ ውስጥ እንደያዘ አንገቱን ደፍቷል። "እሳቸው የሚቆሙባት ቦታ እኮ ናት፤ በክሊፕ ላይ እንዴት እጥላቸዋለሁ? ነፍሴ እንድታርፍ ብዬ ነው" አለ። ልቆጣ አፌን ከፍቼ ዓይኑን ሳየው ተውኩት። ከልጅነታችሁ ጀምሮ ከእናትህ እጅ በልቶ ያደገ ሰው ነው፤ ምስኪን፣ ፍቅሩን ብሎን አድርጎ መታው። ሳሮን ግን በእንግሊዝኛ ብዙ ነገር አለችው፤ ባይገባው ይሻላል።

አንዱን ጣውላ ብቻ መንቀል አይቻልም፤ እርስ በርሱ ተያይዟል። ከዳር ጀምሮ እስከ ጥጉ ያለው ሁሉ መነሣት ነበረበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። በማግስቱ ታደለ ማንም ሳይጠራው መጥቶ በገዛ እጁ እያንዳንዷን ክሊፕ ፈታ፣ የተበሳውን ጣውላ በተረፈው ለወጠ፣ መልሶ አሰረ። ሲጨርስ ያንን ሰፊ ገላውን ይዞ ጥጉ ላይ ወጥቶ ዘለለበት። ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ዘለለ። "እሺ፣ ይይዛል" አለና ላቡን ጠረገ። የተበሳውን ጣውላ አልጣልነውም፤ ቆርጦ በሩ ሥር የጫማ መደርደሪያ አደረገው።

አሁን ወደ እናትህ ልምጣ።

እሑድ እኔ፣ ሳሮንና ታደለ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቀትር ሆኗል፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። እማማን ዴኩን ይዩልኝ አልኳቸው። መስኮቱ ይበቃኛል አሉ። እኔም ጉልበታቸው ሥር ተቀመጥኩና ባለፈው ያሳጠርኩላቸውን የቀሚሳቸውን ጠርዝ አነሣሁ። "ክሩን ያሳዩኝ" አልኳቸው። ገልበጥ፣ ጎተት አደረጉት፤ መነጽራቸውን አድርገውም ፈለጉ። የደበቅኩት ስፌት ስለሆነ አላገኙትም። ይይዛል ወይ ብላቸው "መቼ ተፈትቶ ያውቃል" አሉ። ወለሉም እንዲሁ ነው፣ ልጅዎ እሠራልሻለሁ ያለዎት ይኸው ነው አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ ጠርዙን በጣታቸው ይዘው ቆዩ። ከዚያ እጃቸውን ሰጡኝ።

ጫማቸውን የታደለ መደርደሪያ ላይ አኖሩ። ጎንበስ ብለው ወለሉን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ቀጥሎ አንዷን ባዶ እግር አወጡ፣ ቆዩ፣ ሁለተኛዋን አስከተሉ። እግራቸውን ሳያነሱ እያንሸራተቱ፣ ሚስማር እየፈለጉ፣ አጥተው፣ እንደገና እየፈለጉ እስከ ምሥራቁ ጥግ ደረሱ። እጄን ለቀቁኝ። ሳሮን እጇን አፏ ላይ አድርጋለች፤ ታደለ ቆቡን ያሻሻል። እማማ አማተቡ። ድምፃቸውም ወጣ። እውነተኛው ድምፃቸው፣ ያ የምታውቀው! አውሮፕላን በላያችን እያለፈ እንኳ ይሰማን ነበር። መሃል ላይ ሲደርሱ የክርስትና ስምህን ጠርተው ነፍስህን ይማር አሉ። ከቀብርህ ቀን ወዲህ ስምህ ከአፋቸው ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረ ነገር ተነሥቶ ሄደልኝ።

ጸሎታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ፀሐዩ እግርዎን አላቃጠለዎትም ወይ አልኳቸው። ስለ ናሙናዎቹ ማንም አንዲት ቃል አልነገራቸውም። "ኧረ አላቃጠለኝም" አሉ። "ልጄ ቀድሞኝ ቆሞበት የለ! ያኔ በመስኮት አይቼዋለሁ፤ ትኩሱን ለእሱ፣ በራዱን ለእኔ።"

ይልማዬ፣ አሁን አርፌያለሁ፤ አንተም እረፍ። እናትህ በየጠዋቱ ይወጣሉ፣ በቀትርም ይወጣሉ፣ እንጀራቸውም ጨምሯል። እኔ እንደ እሳቸው በጸሎት ብዙም አልጎብዝም፤ ስለዚህ የማስብህ በማውቀው ነው። በየነሐሴው አንድ ቀትር ጫማዬን መደርደሪያው ላይ አኑሬ ጥጉ ላይ በአንድ እግሬ እቆማለሁ። ዛሬ ሞክሬዋለሁ። ሽማግሌው ጎረቤታችን አገጩን አጥሩ ላይ አስደግፎ አየኝና ምነው አለኝ። ስፖርት ነው አልኩት።

የአንተው አስቴር